የማትጨነቀዋ በሽተኛ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐናን የወይዘሮ በላይነሽን በር ስታንኳኳ ልቧ ሙሉ ነበር። ለጥናቷ ከመዘገበቻቸው የካንሰር በሽተኞች ሁሉ እንደ እኚህ ሴት ያስደሰታት የለም። ሌሎቹ ዓይናቸውን ሳይከድኑ ያነጋሉ፤ ስለ ነገ ሲጠየቁ ድምፃቸው ይሰበራል። በላይነሽ ግን ገና ጎናቸው ሲያርፍ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ ጥያቄው ሲያበቃ ደግሞ ‹‹አሁን ተራው የኔ ነው›› ብለው የሰፈሩን ወሬ ከሐናን ይለቃቅማሉ። መምህሯ እንኳ ውጤቱን አይተው፣ ይህቺ ሴትዮ ባትኖር ጥናትሽ ምን ይውጠው ነበር ብለው ቀልደውባታል።

ሐናን የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ ጥናቷም ለሁለተኛ ዲግሪዋ ነው። ከአሪቲ ቅጠል የተዘጋጀ ካፕሱል የካንሰር በሽተኞችን ጭንቀት ያቀል እንደሆነ ማየት ነው ሥራዋ። ካንሰሩን ራሱን አይነካውም፤ ይነካል ያለም የለም። ከበሽተኞቹ ግማሾቹ ቅጠሉን ይወስዳሉ፤ ግማሾቹ መልኩ ከዚያው ጋር አንድ የሆነ ባዶ ዱቄት። የቱ ለማን እንደደረሰ በሽተኞቹ አያውቁም፤ ሐናንም አታውቅም። እሷ በየሳምንቱ እየሄደች እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ፍርሃት እንዴት ነው ብላ ትጠይቃለች፣ የሚሏትን ትጽፋለች።

አቃቂን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ሳይስቅ አይቀርም። የሙህዲን ልጅ በላይነሽ ቤት? ሙህዲን ከስልጤ በልጅነታቸው መጥተው፣ አቃቂ በሰቃ ሰፈር ውስጥ ሚስማርና ቆርቆሮ እየሸጡ በላባቸው ሰው የሆኑ ነጋዴ ናቸው። በላይነሽ ደግሞ ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል የጨረሱ፣ ጾም የማይገድፉ፣ የባቡር ሠራተኛ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አንድ ልጃቸውን ይዘው የቀሩ ሴት። ያ አንድ ልጅ ጌዲዮን ነው፤ ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ በብረት መቅረጫው በቶርኖ ማሽን ላይ ይሠራል። እሱና ሐናን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ይዋደዳሉ። ፍቅርና ጉንፋን አይደበቅም፤ አቃቂ ላይማ ጭራሽ። ወሬው እናቱ ጆሮ የደረሰ ዕለት በላይነሽ፣ ‹‹እኔ በቁሜ እያለሁ የሌላ ሃይማኖት ልጅ ምራቴ አትሆንም›› አሉ። ሙህዲን ምንም አላሉም፤ የሙህዲን ዝምታ ግን ከበላይነሽ ንግግር ይከብዳል። ሁለቱ ልጆች ታክሲ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ እየተገናኙ፣ ቃሊቲ ሲደርሱ እየተለያዩ ስንቱን ዓመት ገፉት።

ከዚያ ሚሊኒየሙ ከተከበረ በኋላ በሁለተኛው ጥር በላይነሽ ጡታቸው ላይ እባጭ አገኙ። ሆስፒታሉ ሰልፉ ብዙ ነው፤ መንገድ እያሳየች፣ ወንበር እየፈለገች፣ ጀርባቸውን ደግፋ ከክፍል ክፍል ያዞረቻቸው እዚያው የምትሠራው ሐናን ሆነች። ክፉ ቀን የሠራው ሥራ ይገርማል። በቁሜ አይሆንም ያሉት ሴት በጥቂት ወር ውስጥ ‹‹ልጄ›› ማለት ጀመሩ፤ ቅዳሜ ስትዘገይባቸው በር ላይ ይቆማሉ።

የጥናቱ ደንብ አንድ ነገር አጥብቆ ይጠይቃል። በሽተኛው በሽታው ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት። እናቱን ለጥናቱ ያስመዘገበው ጌዲዮን ግን፣ ከእኔ ብትሰማው ይሻላል፣ ቤት ወስጄ ቀስ አድርጌ ልንገራት ብሎ ለመነ። በሌላ ቀን ነግሬያታለሁ አለ። ሐናንም ቢሆን ከይሉኝታ የተነሳ ያንን ስም በአፏ መጥራት ከበዳት። ‹‹ስለ በሽታዎ ጌዲዮን ነግሮዎታል አይደል?›› ብላ ብቻ ጠየቀች። ‹‹ሁሉንም ነግሮኛል ልጄ›› አሏት፤ ፈረሙ። በቃ፣ ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ ብላ ነበር።

የዛሬዋ ቅዳሜም እንደ ሌሎቹ ጀመረች። ሐናን ጥያቄዎቿን በተራ እየጠየቀች ወረደችና፣ በዚህ ሳምንት ስለ በሽታዎ ሲያስቡ ፍርሃት ተሰምቶዎታል ወይ አለች።

‹‹ምን ያስፈራኛል?›› አሉ በላይነሽ። ‹‹እባጭ ነው። እባጭ ደግሞ ሰው አይገድልም። ያውም ባንቺ ኪኒን እየሟሸሸ ነው።››

ሐናን ቀና አለች። ቀልዳቸው መስሏት ነበር፤ ፊታቸው ላይ ግን ቀልድ የለም። ይልቅ እንደሚያስደስታት ነገር ሻሻቸውን ፈትተው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላት። ፀጉራቸው ጣት የሚያስይዝ ያህል አድጓል። ሐናን መጻፏን አቆመች። ፀጉር የሚያረግፈውን የካንሰር መርፌ በወጉ የሚወስድ ሰው በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ፀጉር አይኖረውም።

‹‹እማማ፣ መርፌውን እየወሰዱ ነው?››

በላይነሽ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። መርፌውን ከፋሲካ ወዲህ ትተውታል። ልጃቸው ከሥራ መቅረት ስለማይፈቀድለት ታክሲ ላይ ያሳፍራቸዋል፤ እሳቸው ሳሪስ አቦ ሲደርሱ ይወርዳሉ፤ ተሳልመው፣ ጥላው ሥር አረፍ ብለው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይመለሳሉ። ለአንድ እባጭ ብሎ አንጀትን የሚያስተፋ መርፌ መወጋት ምን ይባላል? የሐናን ኪኒን እያለ። ‹‹ለጌዲ እንዳትነግሪው፣ ይቆጣኛል›› አሉና እጇን ያዙ። ‹‹ደግሞ አንድ ነገር አስቤያለሁ። ስድን፣ አባትሽን እኔ ራሴ አነጋግራቸዋለሁ። ሙህዲን ክፉ ሰው አይደሉም። ሁለታችንም ልጅ ነው ያለን።››

ሐናን ይህን ቃል ስንት ዓመት ጠብቃዋለች። በሕልሟ ሰምታው ታውቃለች። አሁን ከራሳቸው አፍ ስትሰማው ግን መጮህ አማራት። ሆስፒታሉ ውስጥ መርፌው የሚሰጥበት ክፍል ሌላ፣ የእሷ ክፍል ሌላ ነው፤ ጌዲዮን ሄዳለች ካላት ሄደዋል ብላ ነው የያዘችው። እጃቸውን ስማ ወጣች። ደስታዋንና ድንጋጤዋን የምትለይበት አቅም አልነበራትም።

ጌዲዮን ከፋብሪካው ሲወጣ በሩ ላይ ቆማ አገኛት። እዚያ ቆማ አታውቅም፤ ጓደኞቹ ተጠቃቅሰው አለፉ። በባጃጆቹ መካከል እየመራችው ወደ ሐዲዱ ዳር ወሰደችውና ያየችውን ሁሉ ነገረችው፤ ፀጉሩን፣ ሳሪስ አቦን፣ እባጩን።

‹‹ነግሬያታለሁ አላልከኝም?››

ጌዲዮን በግራሶ የጠቆሩ ጣቶቹን ያይ ጀመር። መልሱ ከመምጣቱ በፊት ሐናን አወቀችው። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ነበር። የእናቱ ወንድም ጋሽ ገብረጻድቅ፣ የባቡር ጡረተኛ ናቸው፣ በላይነሽ ስሙን መስማት የለባትም ብለው ቆረጡ። ሚስታቸው ጠጄ ያንን ስም ከሐኪም የሰማች ዕለት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ እህል ሳትቀምስ ነው የሄደችው። ስለዚህ እባጭ ተባለ፤ ሁሉም በአንድ አፍ እባጭ አለ። በእኛ አገር ለሐዘንተኛ እንኳ መርዶ የሚነገረው ሰው ተሰብስቦ፣ ጊዜ ተመርጦ ነው፤ ለበሽተኛማ ለራሱ መርዶ ማን ይደፍራል?

‹‹እሺ፣ ደበቃችኋቸው›› አለች ሐናን። ‹‹ጥናቱ ውስጥ ለምን አስገባሃቸው? ያለ እሱም መታከም ይችሉ ነበር። ለምን ዋሸኸኝ?››

ጌዲዮን ጣቶቹን ሱሪው ላይ ጠረገ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

‹‹አንቺ በየሳምንቱ ቤታችን እንድትመጪ›› አለ። ‹‹እናቴ አንዴ ብቻ ቀርባ ብታይሽ እንደምትወድሽ አውቅ ነበር። ሌላ ምን ሰበብ ነበረኝ ሐኑ? በየትኛው በር ላስገባሽ? ያ ኪኒን ይጠቅማል አይጠቅምም አላሰብኩም። አንቺን ነው ያሰብኩት።›› ድምፁ ተቆረጠ። ‹‹ወደደችሽም።››

ሐናን ልትቆጣ ነበር የመጣችው። ቁጣው አፏ ላይ ደርሶ ቀለጠ። እሱ ለእሷ ብሎ ዋሸ፤ እናቱ እሷን አምነው መርፌውን ተዉ። ማንን ትክሰስ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በሽታው ከራሱ ከባለቤቱ ለተደበቀበት ሰው የተተረተ ተረት ግን አታውቅም። እንዲህ ተወዳ አታውቅም ነበር፤ እንዲህ መወደዷንም ጠላችው።

በሳምንቱ መጀመሪያ ሁለቱ ሆነው በላይነሽን ሆስፒታል ወሰዷቸው። እባጩ ደህና መሆኑን ለማየት ነው ተባሉ፤ እሳቸውም አመኑ። ዶክተር ሰይፈሥላሴ ምርመራውን ከጨረሱ በኋላ ልጆቹን ኮሪደር ላይ ለብቻ አነጋገሯቸው። ጉበት ውስጥ ገብቷል። ጌዲዮን፣ መርፌው አሁኑኑ ይጀመርላት፣ በጀርባዬም ተሸክሜ አመጣታለሁ አለ። ዶክተሩ ሰውነታቸው ከእንግዲህ እንደማይችለው፣ የሚቀረው ሕመም ማስታገሻና አጠገባቸው መሆን ብቻ እንደሆነ ቀስ ብለው አስረዱት። ቶርኖ ላይ ብረት የሚያስተካክሉት የጌዲዮን እጆች የኮሪደሩን ግድግዳ ይዳብሱ ነበር።

ሐናንም ለመምህሯ እውነቱን ነገረች። በሽታቸውን ሳያውቁ የፈረሙት ፊርማ ፊርማ አይደለምና በላይነሽ ከጥናቱ ወጡ። የወሰዱት ቅጠሉን ይሁን ዱቄቱን ማንም አልነገራትም፤ ቢነግሯትም ምን ሊረባት። የእንቅልፋቸው ምስጢር አሁን ገብቷታል። ወራቱን ሙሉ ስትጽፈው የከረመችው ሰላም የካፕሱሉ አልነበረም፤ ስላላወቁ ነው ያልፈሩት። ሰው የማያውቀውን ነገር እንዴት ይፈራል? ይህን እንኳ ሳትጠረጥር በውጤቱ ስትደሰት መክረሟ አሳፈራት።

የሆስፒታሉ በር ላይ ጌዲዮን ክንዷን ያዘ። ‹‹እንዳትነግሪያት። ከእንግዲህ ከአንቺ የምለምነው ይህን ብቻ ነው። የቀራትን ጊዜ በሰላም ትኑር።›› ሐናን አልመለሰችለትም። ዝምታዋን እሺታ አድርጎ ወሰደው።

ሐሙስ ዕለት የቀሩትን ካፕሱሎች ለመውሰድ ወደ አቃቂ ወረደች። ሰኔ ገብቷል፤ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል። አባቷ በሱቁ በር ስታልፍ ጠርተው አንድ ብልቃጥ ማር ሰጧት፤ ለማን እንደሆነ አልተናገሩም፤ እሷም አልጠየቀችም። በላይነሽ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በሰፌድ ምስር ይለቅማሉ። ማሩን አይተው መረቁ። ካፕሱሎቹን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ግን እጃቸው ቆመ።

‹‹ለምን ትወስጂብኛለሽ?››

ሐናን ጥናቱ አልቋል ልትል አሰበች። ቃሉ ተዘጋጅቶ ምላሷ ላይ ነበር። በላይነሽ ቀደሟት።

‹‹ስሚኝ፣ ጌዲ ሰሞኑን ፊቴን አያይም። ትላንት ደግሞ ገብረጻድቅ በጾም ቀን ዶሮ ይዞልኝ መጣ። ገብረጻድቅ! ለክርስትና እንኳ እንቁላል የማይሰጥ ሰው። ዶሮውን አይቼ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።›› ሰፌዱን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ‹‹ሁሉም ይዋሸኛል፤ ስለሚወዱኝ ነው፣ አውቃለሁ። አንቺን ግን ምን ሆኜ ነው ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም። አሁን እየጠየቅሁሽ ነው ልጄ።››

ሐናን መርዶ ነጋሪ ሽማግሌ አይደለችም፤ አጠገቧ የሚያለቅስ ዘመድ፣ የሚደግፍ ጎረቤት የለም። ብትነግራቸው ጌዲዮንን ታጣዋለች። ባትነግራቸው አምነው የጠየቋትን ሴት ለሁለተኛ ጊዜ ትከዳለች። አልጋው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች።

‹‹እባጭ አይደለም እማማ። ካንሰር ነው። ወደ ጉበት ሄዷል። ኪኒኑም ለጭንቀት እንጂ ለእሱ አልነበረም።››

በላይነሽ ወደ ምስራቸው ተመለሱ። ይለቅማሉ፤ ግን ጠጠሩንም ምስሩንም አንድ ላይ እየጣሉ ነው። ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጀመረ። ሐናን እንባዋን መቆጣጠር አቃታት፤ እሳቸው አላለቀሱም። ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ ሐናን ከሁሉ የፈራችውን ጠየቁ።

‹‹መርፌውን ባልተወው ኖሮ?››

‹‹አላውቅም›› አለች ሐናን። ይህ ውሸት አልነበረም። ‹‹ምናልባት ጊዜ ይጨምር ነበር። ምናልባት።››

‹‹ምናልባት›› አሉ በላይነሽ። ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጡትና ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ‹‹እንግዲያው ልጄ ይህን እንዳይሰማ። ማወቄን ካወቀ፣ አንቺን የጠየቅሁሽን ጥያቄ ራሱን ሲጠይቅ ይኖራል። ስለደበቅኳት ነው መርፌውን የተወችው እያለ። እናቴ ሳታውቅ፣ ሳትፈራ፣ እባጭ ነው እያለች ሄደች ብሎ ይጽናና። እሱ እኔን ሊያሳርፈኝ ዋሸ፤ እኔም እሱን ላሳርፈው።››

‹‹እኔስ?›› አለች ሐናን፤ እንደ ሕፃን ልጅ አለችው። ‹‹እኔ ምን ልበለው?››

በላይነሽ ጭንቅላቷን ወደ ደረታቸው ሳቡት፤ ወደ ደህናው በኩል። ‹‹አንቺንማ በደልኩሽ›› አሏት። ‹‹በቁሜ አይሆንም ያልኩበት አፌ ነው አሁን ይህን የሚጭንብሽ። አባትሽን ማነጋገር ደግሞ ዛሬውኑ ነበር የሚገባኝ፤ ዝናቡንም አልፈራውም። ግን ስድን ብያለሁ። ለጌዲም እንደዚያው ነው ያልኩት፣ ስድን እሄዳለሁ ብዬ። ዛሬ ተነስቼ ሙህዲን ቤት ብሄድ ያውቅብኛል። እስክድን መጠበቅ አለብኝ።››

ሐናን የእኚህ ሴት ልጅ ለመሆን ስንት ዓመት ተመኘች፤ ምኞቷ ሞላ። የሞላላትን የምታሳየው ሰው ግን የለም፤ ከሁሉ በፊት የሚደሰተው ያ ሰው እንዳያውቅ ነው የተለመነችው። በላይነሽ ፀጉሯን እየዳበሱ ዝናቡን አብረው ሰሙት።

ጌዲዮን ከሥራ ሲመለስ ሐናንን ከበሩ ውጪ፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ቆማ አገኛት። ጃኬቱ ርሶ ትከሻው ላይ ተጣብቋል። ዓይኖቿን ሲያይ እርምጃው ቆመ።

‹‹አለቀስሽ›› አለ።

‹‹ካፕሱሎቹን ስወስድባቸው ሆድ ባሰኝ።››

ወደ በሩ ተመለከተ። ውስጥ እናቱ ከጎረቤታቸው ከአደሴ ጋር እየተጨዋወቱ ነው፤ ሳቃቸው ይሰማል፤ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ትንሽ የበዛ ሳቅ። ሐናን ሳቁን ሰምታ ጥርሷን ነከሰች። ጌዲዮን ሳቁን ሰምቶ ፊቱ ተፈታ።

‹‹አልነገርሻትም?›› አለ በሹክሹክታ።

ሐናን ጌዲዮንን እስከዛሬ ዋሽታው አታውቅም። አባቷን ዋሽታለች፣ ለእሱ ስትል፤ ጓደኞቿን ዋሽታለች፣ ለእሱ ስትል። ለእሱ ለራሱ ግን አንዲት ቃል አጣምማ አታውቅም፤ ከሌላው ሁሉ ተደብቀው የገነቡት ፍቅር የቆመው በዚህች ላይ ነበር። ባለፈው የእሱ ውሸት ከታወቀ ወዲህማ ከሁለቱ ያልዋሸችው እሷ ብቻ ነበረች።

‹‹አልነገርኳቸውም›› አለች።

ጌዲዮን ዓይኖቹን ጨፈነ። ከዚያ ሰፈሩ እያየ፣ አደሴ በበሩ በኩል እያየች፣ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። መንገድ ላይ እጇን ሲይዝ ይህ የመጀመሪያው ነው። እናቴ እንዲህ እየሳቀች ከሄደች እኔ ሌላ ምንም አልፈልግም አላት፤ አንቺ ባትኖሪ አበቃልኝ ነበር አላት፤ ዋሽቼሽ ሳለሁ አንቺ አልጨከንሽብኝም አላት። እንባው ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሎ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። ሐናን ጣቶቿን ልታስለቅቅ አልቻለችም፤ ልታጠብቅባቸውም አልቻለችም።

ሌላ ሰው ቢሆን ያስምላት ነበር። ቢያስምላት ምናልባት ምላሷ እምቢ ይላት፣ እውነቱ ይወጣ፣ ሁለቱም ተቃቅፈው ያለቅሱ ነበር። ጌዲዮን ግን አላስማላትም። አመናት።